ጊታሪስቱን ከመድረክ ያወረደው ገመድ

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩት ፎቶ ላይ ከፔዳሎቼ አጠገብ ላፕቶፕ አይታችሁ ብዙዎቻችሁ በኢንቦክስ ጠይቃችሁኛል። "ኮምፒውተሩ ነው እንዴ የሚጫወትልህ?" ብሎ የቀለደብኝም አለ። እሱን በሳቅ አለፍኩት። አንድ መልዕክት ግን በሳቅ የሚታለፍ አልሆነም። ጊታር አያያዝ ያስተማሩኝ፣ የራሳቸውን ጊታር ከሰቀሉ ግን ከሃያ ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ ጋሼ አራት ቃል ብቻ ጻፉልኝ፦ "አንተም እዚያ ውስጥ ገባህ?"

ጋሼን የማያውቅ ሰው ይሄ አባባል ምን ያህል እንደሚከብድ አይገባውም። ጋሼ ከመድረክ የወረዱት እጃቸው ደክሞ አይደለም። ይጫወቱበት የነበረው ቤት ስድስት ሰው የነበረበትን ባንድ አሰናብቶ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ዘፋኝ ብቻ ስላስቀረ ነው። ያ ኪቦርድ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ "ጊታሩንም" ይጫወት ነበር። ስለዚህ ለጋሼ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ጊታር ማለት እንጀራውን ለነጠቀው ያደረ ጊታር ማለት ነው።

በሁለት መስመር ልመልስላቸው ሞከርኩ፣ አቃተኝ። ምክንያቱም ሀቁን ለመናገር ተሳስተዋል ማለት አልችልም። የእሳቸውን ሥራ የወሰደውና ዛሬ የኔን ፔዳል የሚያዘው ነገር አንድ ነው። ሚዲ ይባላል። እናም መልሴን ከታሪኩ ልጀምር። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

■ መጀመሪያ ብልሽት ነበር

ጊታሪስቶች "ፈዝ" የምንለው ሸካራ፣ የተቀደደ የሚመስል ድምፅ የተገኘው በብልሽት ነው። አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ውስጥ ማርቲ ሮቢንስ የተባለ ዘፋኝ በ1961 የወጣ አንድ ዘፈኑን ሲቀዳ፣ የግሬዲ ማርቲን ቤዝ ጊታር የገባበት የሚክሰር መስመር ተበላሽቶ ስለነበር ድምፁ ተንጣጣ። ሊጥሉት ይችሉ ነበር፣ አልጣሉትም። የቀረጻ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ያንን ብልሽት ሆን ብሎ የሚፈጥር ወረዳ ሠራ። በ1962 ማይስትሮ ፈዝ-ቶን በሚል ስም በእግር የሚጫን ፔዳል ሆኖ ገበያ ወጣ። መጀመሪያ ብዙ ሰው ዞር ብሎም አላየው። በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ "ሳቲስፋክሽን" የተባለውን ዘፈን በዚያ ድምፅ ሲከፍቱት ነው ዓለም ሁሉ "ይሄ ምንድነው?" ያለው።

ዋ-ዋ ፔዳልም በአጋጣሚ የተወለደ ነው። በ1966 ቶማስ ኦርጋን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቮክስን አምፕሊፋየሮች ይሠራ ነበር። ብራድሊ ፕላንኬት የተባለ ወጣት መሐንዲስ ሥራው የነበረው የአንድን የድምፅ ማስተካከያ ውድ ማብሪያ በርካሽ ማዞሪያ መተካት ብቻ ነው። ማዞሪያውን ሲያንቀሳቅሰው ጊታሩ አፉን ከፍቶ እንደሚዘጋ ሰው ማውራት ጀመረ። ወረዳውን የኦርጋን ድምፅ መጨመሪያ ፔዳል ሆድ ውስጥ ከተቱት፣ በቃ፣ በ1967 ዋ-ዋ ለሽያጭ ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ እኛም ሀገር ደረሰ። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከተቀዱት ሙዚቃዎች አንዳንዶቹን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስሟቸው፣ ያ ድምፅ ከሳክስፎኖቹ ጀርባ ሲያወራ ትሰሙታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሁለቱም ፔዳሎች የሚታዘዙት ለእግር ብቻ ነው። እግር የጆሮ ጎረቤት ነው። ጊታሪስቱ ይሰማል፣ ይጫናል፣ እንደገና ይሰማል። በመሀላቸው ሌላ ማንም የለም።

ችግሩ የመጣው ፔዳሎቹ ሲበዙ ነው። ፈዝ፣ ዋ-ዋ፣ ፌዘር፣ ኮረስ፣ ዲሌይ። የጃፓኑ ሮላንድ እህት ድርጅት ቦስ ከ1977 ጀምሮ ትንንሾቹን ባለ ቀለም ፔዳሎች ሲያወጣ አንድ ጊታሪስት እግሩ ሥር ስድስትና ሰባት ሳጥን መደርደር ቻለ። ከዘፈኑ ስንኝ ወደ አዝማቹ ሲሻገር ሁለቱን ማጥፋት፣ ሦስቱን ማብራት አለበት፣ ያውም በአንድ ምት ውስጥ። እስክስታ በትከሻ ነው፤ ጊታሪስቱ ግን በእግሩ መምታት ጀመረ። እንግሊዝ ውስጥ ፒት ኮርኒሽ ለእነ ዴቪድ ጊልሞር ፔዳሎቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ እያሰናዳ ይሠራላቸው ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ ቦብ ብራድሾው በ1980 ድርጅት ከፍቶ ሌላ መፍትሔ አመጣ። ፔዳሎቹና መሣሪያዎቹ ከኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጊታሪስቱ እግር ሥር የሚቀረው የአዝራር ሰሌዳ ብቻ ነው። አንዱን አዝራር ሲጫን አምስቱ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይለዋወጣል።

እግር መጀመሪያ ከድምፁ የራቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እግር ድምፁን አይነካም፣ ትዕዛዝ ነው የሚሰጠው።

■ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ገመድ

በዚያው ሰሞን የኪቦርድ ዓለም የባቢሎን ግንብ ሆኖ ነበር። እያንዳንዱ ኩባንያ ሲንተሳይዘሩን በራሱ ቋንቋ ነበር የሚያናግረው። የአንዱን ኪቦርድ ከሌላው ጋር ላገናኝህ ብትለው አይግባቡም።

ነገሩን ለመፍታት የተነሱት የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ናቸው። ሐሳቡን መጀመሪያ ለአሜሪካዊው የሲንተሳይዘር ሠሪ ለቶም ኦበርሃይም ነገሩት፤ ከዚያ የሲኩዌንሻል ሰርኪትሱ ዴቭ ስሚዝ ገባበት። ስሚዝ በ1981 ለድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ የጋራ ቋንቋ የሚሆን ሐሳብ አቀረበ። ከጃፓን ያማሃ፣ ኮርግና ካዋይም ገቡበት። በጥር 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገው የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ የስሚዝን ፕሮፌት-600 ከሮላንድ ጁፒተር-6 ጋር በአንድ ገመድ አገናኟቸው። አንዱን ሲነኩት ሌላው ጮኸ። ተቀናቃኝ ኩባንያዎች፣ ሁለት ሀገር፣ አንድ ቋንቋ። ዝርዝር ሕጉ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ታተመ። ከሁሉ የሚገርመው ለአጠቃቀሙ ክፍያ አለመጠየቃቸው ነው። የፈለገ ሁሉ በነፃ ይሥራበት አሉ። ሁለቱም ለዚህ ሥራቸው በ2013 የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተሸለሙ።

ሚዲ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሁልጊዜ የምጠቀምበት ምሳሌ አለኝ። ሚዲ ድምፅ አይደለም። በገመዱ ውስጥ ሙዚቃ አያልፍም። የሚያልፈው እንደ ደብዳቤ ያለ አጭር ትዕዛዝ ነው፦ "ቻናል 3፣ ይሄን ኖታ ምታ፣ በዚህ ያህል ኃይል።" "ቻናል 5፣ ወደ 12ኛው ፕሪሴት ሂድ።" "ቻናል 1፣ ፔዳሉን እስከ 64 ክፈተው።" 16 ቻናል አለ፣ ልክ እንደ 16 ቤት ቁጥር። ዋጋው ከ0 እስከ 127 ይቆጠራል። ፍጥነቱ በሰከንድ 31,250 ቢት ነው፤ ዛሬ ለኢንተርኔት ሲሰላ ቀርፋፋ ይመስላል፣ ግን ሦስት ቁራጭ ያለው አንድ ትዕዛዝ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይደርሳል። ሰው አይሰማውም። ሌላም ብልሃት አለው፦ ተቀባዩ መሣሪያ ውስጥ መልዕክቱ በብርሃን ነው የሚሻገረው፣ የኤሌክትሪክ ግንኙነት የለም። ስለዚህ ያ የምንጠላው የ"ሁምምም" ድምፅ በዚህ ገመድ በኩል አይተላለፍም።

አንድ ጉድለት ግን አብሮት ተወለደ። ደብዳቤው ይላካል፣ መልስ ግን አይጠብቅም። ላኪው "ደርሶሃል? አሁን የት ነህ?" ብሎ አይጠይቅም። ይቺን ነገር አትርሷት፣ በኋላ ሠርግ ላይ ጉድ ታደርገኛለች።

■ ገመዱ እኛ ጋ ሲደርስ

የኢትዮጵያ ሙዚቃና ይሄ ቴክኖሎጂ ገና በጠዋቱ ነው የተገናኙት። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። አኮርዲዮኑን ይዞ፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሪትም ማሽንና ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር እየደራረበ። ዲኤክስ7 በ1983 የወጣ፣ ከመጀመሪያዎቹ ባለ ሚዲ ኪቦርዶች አንዱ ነው። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ዞረ፣ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረውን ሰው መልሶ መድረክ ላይ አወጣው። ብቻውን የተሠራ ግን ነፍስ ያለው ሥራ ነው። እናም "ማሽን ነፍስ የለውም" ለሚል ሰው ያንን ካሴት ነው የምጋብዘው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቡን ሕይወት አንቆት ነበር፤ ባንዶች ተጠልለው የቆዩት በአብዛኛው ሆቴሎች ውስጥ ነው። ትልቅ ባንድ ማኖር ውድ ነው። መሣሪያው ውድ፣ የሰው ደመወዝ ውድ፣ ማጓጓዣው ውድ። ሪትም በሆዱ የያዘ ኪቦርድ ሲመጣ ባለቤቶች ሒሳብ ሠሩ። ስድስት ሰው ከመክፈል አንድ ሰው መክፈል ይሻላል። "ዋን ማን ባንድ" የሚለው ቃል የሠርግና የምሽት ቤት ቋንቋ ሆነ። መጀመሪያ የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾቹ ቀሩ፣ ቀጥሎ ድራመሩ፣ ቀጥሎ ቤዙ፣ በመጨረሻም እነ ጋሼ።

እንግዲህ ካኬሃሺና ስሚዝ ይሄን አስበው አይደለም። እነሱ ያሰቡት መሣሪያዎች እንዲግባቡ ነው። መሣሪያዎቹ ሲግባቡ ግን ሰዎቹ ተራራቁ። ይሄን የምለው ኪቦርድ ተጫዋቾችን ለመውቀስ አይደለም፣ እነሱም እንጀራቸው ነው። ታሪኩ ግን ይሄ ነው፤ ጋሼም ያስታወሱኝ ይሄንን ነው።

■ ገመዱ ፔዳሉ ውስጥ ሲገባ

ጋሼ ያላዩት የታሪኩ ሌላ ክንፍ አለ። ሚዲ ከኪቦርድ ተሻግሮ ወደ ጊታሪስቱ የመጣው ቶሎ ነው። በ1985 የወጣው ሌክሲኮን ፒሲኤም 70 የተባለው የማስተጋቢያ መሣሪያ ውስጡ ያሉትን ማስተካከያዎች በሚዲ ለመንካት ፈቀደ። እንደ ብራድሾው ያሉ ሰዎች የሠሯቸው የእግር ሰሌዳዎችም ሚዲ መላክ ጀመሩ።

ከዚያ በ1989 ዲጂቴክ ዋሚ የሚባለውን ቀይ ፔዳል አወጣ። ይሄ ፔዳል ኖታውን ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይጎትተዋል። በእግር ስትጫነው ጊታሩ አንድ ወይም ሁለት ኦክታቭ ይወጣል። ቶም ሞሬሎና ጆኒ ግሪንውድ የታወቁበት ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ልብ ያላለው ከኋላው ያለችውን የሚዲ መሰኪያ ነው። በዚያች መሰኪያ በኩል በቁጥር ትዕዛዝ ብትልክለት ማንም ሳይነካው ፔዳሉ የተረገጠ ያህል ይሆናል። 0 ስትለው ተረከዝ፣ 127 ስትለው ጣት። ማለትም ኮምፒውተር እግር አገኘ።

ኮምፒውተሩም በበኩሉ መንገድ ላይ ነበር። በ1985 የወጣው አታሪ ኤስቲ የሚዲ መሰኪያዎቹን ከፋብሪካ ይዞ መጣ፤ ስቱዲዮዎች የወደዱት በዚህ ነው። ፓሪስ ውስጥ ኢርካም የተባለው የሙዚቃ ምርምር ተቋም ሚለር ፓኬት ማክስ የሚባል ሶፍትዌር ጻፈ። በ1988 ከአቀናባሪው ፊሊፕ ማኑሪ ጋር ለፒያኖ በሠሩት ሥራ ላይ ኮምፒውተሩ ፒያኒስቱን እየሰማ ነበር የሚከተለው። ልብ በሉ፣ ሰውየው ማሽኑን አይደለም የሚከተለው፣ ማሽኑ ሰውየውን ነው። በ2001 ደግሞ በርሊን ውስጥ ጌርሃርድ ቤህለስና ባልደረቦቹ ኤብልተን ላይቭን አወጡ። ስሙ እንደሚለው ለስቱዲዮ ሳይሆን ለመድረክ የታሰበ ሶፍትዌር ነው። በ2004 አራተኛው እትሙ ሚዲን ሲጨምር ላፕቶፕ መድረክ ላይ ወጥቶ ፔዳል ማዘዝ ለማንም የሚቻል ሆነ።

ላፕቶፑ በዩኤስቢ ከትንሽ ማገናኛ ጋር ይገናኛል፣ ማገናኛው በሚዲ ገመድ ከፔዳሉ ጋር። አለቀ። ጊታሬ አሁንም በራሱ ገመድ በፔዳሎቹ በኩል ወደ አምፑ ይሄዳል። ድምፄ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይገባም። ኮምፒውተሩ ቢሞት እንኳ ጊታሬ ይጮሃል። ለ"ኮምፒውተሩ ነው የሚጫወትልህ?" መልሱ ይሄ ነው።

■ ትዝታ፣ አንቺ ሆዬና ችክችካ

"ታዲያ ምን ይጠቅምሃል?" ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ሁለቱም ከራሳችን ሙዚቃ።

የመጀመሪያው ቅኝት ነው። ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን እንውሰድ። ፔዳሉ ለምመታው ኖታ ሁሉ ከላይ አምስተኛውን እንዲጨምርልኝ ላድርገው። ዶ ስመታ ሶል ይጨምራል፣ ጥሩ። ሬ ስመታ ላ፣ ጥሩ። ሶል ሬን፣ ላ ሚን ይሰጠኛል፣ ጥሩ። ሚ ስመታ ግን ሲ ይወጣል፤ ሲ ደግሞ በዚህ ቅኝት ውስጥ የለችም። አንዷ ኖታ ብቻ ዜማውን ታበላሻለች። መፍትሔው ሚ ላይ ስደርስ ወደ አራተኛ መቀየር ነው፣ ሚ ከላ ጋር ትስማማለች። ዋሚ ላይ ደግሞ ተረከዝ አራተኛ፣ ጣት አምስተኛ የሚሆንበት ምርጫ አለ። ዜማው የታወቀ ከሆነ ኮምፒውተሩ በትክክለኛዋ ቅጽበት 0 ወይም 127 ይልክለታል። በእግሬ ላድርገው ብል በፈጣን ዜማ አልደርስበትም።

አንቺ ሆዬ ላይ ነገሩ ይብሳል። ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ብለን ብንጽፈው በአምስተኛ ሲታጀብ ከአምስቱ ኖታዎች ሦስቱ ከቅኝቱ ይወጣሉ። እዚያ ላይ ኦክታቭ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ፔዳሉ ሲሠራ አንቺ ሆዬ የምትባል ነገር መኖሯን ማንም አልነገረውም። ኮምፒውተሩም አያውቃትም። የምናውቃት እኛ ነን፣ ስለዚህ መንገሩ የኛ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ችክችካ ነው። ዲሌይ ፔዳል የመታኸውን ኖታ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ይደግመዋል። ድግግሞሹ ከከበሮው ጋር ካልገጠመ ሙዚቃው ይንሻፈፋል። ሚዲ ለዚህ የራሱ ሰዓት አለው፣ በአንድ የሩብ ኖታ ውስጥ 24 ጊዜ ይመታል። እኔ መጀመሪያ ላይ የዘፈኑን ምት ቆጥሬ በደቂቃ 120 ስላገኘሁ ኮምፒውተሩን 120 አልኩት። ፔዳሉ ላይ ባለ ነጥብ ስምንተኛ የሚባለውን የተለመደ ምርጫ አደረግኩ። ልምምድ ላይ ድራመራችን "ወንድሜ፣ ሁለተኛ ድራመር ቀጥረሃል እንዴ?" አለኝ። ሒሳቡን ስሠራ ገባኝ። ችክችካ አንዱን ምት ለሦስት ነው የሚከፍለው። ምቱ 500 ሚሊሰከንድ ከሆነ ክፍፍሉ በግምት 167፣ 333፣ 500 ላይ ያርፋል። የኔ ፔዳል ግን ምቱን ለአራት ከፍሎ 375 ላይ ነበር የሚደግመው። ከሁለቱ ክፍፍል መሀል! ሚዲ የሚቆጥረው ሩብ ኖታ ነው፣ የኛ ምት ደግሞ አንድ ሩብ ተኩል ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ መጻፍ የነበረብኝ 180 ነው። ከዚያ ፔዳሉን ስምንተኛ ላይ ሳደርገው በትክክል 167 ላይ ወደቀ። ድራመሩ ሳቀ፣ እኔም አረፍኩ።

■ የሠርጉ ማታ

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጋሼም ይህን ክፍል በደንብ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ሁሉን ነገር ካስተካከልኩ በኋላ ትዕቢት ያዘኝ። ዘፈኖቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላፕቶፑ ላይ ዘረጋኋቸው። ስንኝ ሲሆን ንፁህ ድምፅ፣ አዝማች ሲሆን ዲሌይ፣ ሶሎ ሲሆን ዋሚ ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይልካል። እኔ እግሬን ዘርግቼ መጫወት ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥራዎች በሰላም አለፉ።

ሦስተኛው ሠርግ ነበር። ሙሽሮቹ ገብተው ተቀምጠዋል፣ ሰዉ ተነስቷል፣ ዘፈኑ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። እኛ ሀገር ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ድራመሩ አላቆመም፣ ሰዉ በጭብጨባ ተቀበለው፣ እናቶች እልልታውን አቀለጡት። እንደውም አዳራሹ ከመብራቱ ጊዜ ይልቅ የሞቀው ያኔ ነው። ጄነሬተሩ ሲነሳ አምፑ በራ፣ ፔዳሎቼም በሩ፣ ዘፋኛችን ወደ ማይኩ ተመልሶ ስንኙን በቀስታ ጀመረ።

ላፕቶፑ ግን ባትሪ አለው። መብራት መጥፋቱን አላወቀም። በጨለማው ውስጥ ብቻውን ሲቆጥር ቆይቷል። እሱ ዘንድ ዘፈኑ ሶሎ ላይ ደርሷል። ስለዚህ ዘፋኙ በዝግታ ሙሽራዋን ሲያወድስ የኔ ጊታር ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ዘፋኙ ዞር ብሎ ያየኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ገመዱን ከፔዳሉ ነቅዬ ጣልኩትና የቀረውን ማታ በእግሬ ጨረስኩ።

ቤት ገብቼ ሳስበው ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ያ ከላይ አትርሱ ያልኳችሁ ነገር ነው። ሚዲ ደብዳቤ ይልካል እንጂ መልስ አይጠብቅም። ኮምፒውተሩ ፔዳሉ ጠፍቶ መብራቱን አላወቀም፣ ድራመሩ ዘፈኑን ማርዘሙን አላወቀም፣ እናቶች እልል ማለታቸውን አላወቀም። ያንን ሁሉ የሚያውቀው መድረክ ላይ የነበረው ሰው ነው፣ ማለትም እኔ። እኔ ግን ሥራዬን ለማያውቀው ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ነገር ቀየርኩ። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሮጥ ሰዓት የለም። እግሬ ሥር አንዲት አዝራር አለች። ዘፋኙ ወደ አዝማቹ ሲሄድ አይቼ እጫናታለሁ፣ ያኔ ብቻ ኮምፒውተሩ ለአራቱም ፔዳል ትዕዛዙን ያደርሳል። ዘፋኙ ስንኙን አምስት ጊዜ ቢደግም ኮምፒውተሩ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ "የቀድሞውን ቀይር" አይልም። በእያንዳንዱ ክፍል የሁሉንም ፔዳል ሁኔታ ከዜሮ ይናገራል። መብራት ጠፍቶ ቢመጣ እንኳ በሚቀጥለው ጫና ሁሉም ቦታው ይገባል። ለመሞከር ለምትፈልጉ ሌላም ምክር ልጨምር፦ አንዳንዱ ሶፍትዌር ፕሪሴት ከ1 ይጀምራል፣ አንዳንዱ ፔዳል ከ0። 12ን ልካችሁ 11 ከመጣላችሁ ፔዳሉ አልተበላሸም፣ ቆጠራው ነው። መድረክ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ እወቁት።

በጥር 2020 ሚዲ 2.0 ጸደቀ። ከ37 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ትልቁ ለውጡ መሣሪያዎቹ በሁለቱም አቅጣጫ መነጋገር መቻላቸው ነው፣ ላኪው "ማን ነህ? ምን ትችላለህ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥሩ ነው። ግን እሱም ቢሆን የሙሽራዋን እናት እልልታ አይሰማም።

■ ለጋሼ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ያየሁት በዚህ ዓይን ነው። ልክ ነዎት፣ ገመዱ ያው ገመድ ነው። እርስዎን ከመድረክ ያወረደዎትን ቋንቋ ነው እኔም የምናገረው። ልዩነቱ ገመዱ ውስጥ አይደለም፣ ማን ማንን ይከተላል የሚለው ላይ ነው። ያኔ ስድስቱ ሰው ወርዶ ማሽኑ የራሱን ምት መታ፣ ዘፋኙም ተከተለው። እኔም በዚያ ሠርግ ማታ ራሴን በገዛ እጄ አውርጄ ነበር። አሁን ባንዳችን አምስት ሰው ነው፣ አንዱም በላፕቶፑ ምክንያት አልቀረም። ይህ የሚቀየርበት ቀን ከመጣ፣ ባለቤቱ "ላፕቶፕ ካለህ ቤዝ ምን ያደርግልሃል?" ያለኝ ቀን፣ ያኔ ጥያቄዎን ደግመው ይጠይቁኝ።

ይሄንን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ሄጄ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "አዝራሯን የምትጫናት በየትኛው እግርህ ነው?" አሉ። በግራ አልኳቸው። "ቀኙስ?" አሉ። ዋ-ዋው ላይ ነው አልኳቸው፣ እሱን ለኮምፒውተሩ አልሰጠሁትም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ምንም አላሉም። ስወጣ ግን "እሁድ ጊታርህን ይዘህ ና፣ የኔ ክር የለውም" አሉኝ።

በእናንተ ቤት፣ ሠርግ ወይም ሰፈር ባንድ የነበረ ጊታሪስት፣ ድራመር፣ ሳክስፎኒስት ካለ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ታሪኩን ጻፉልን። መቼ ጀመረ፣ መቼስ አቆመ? የማሽኑ ታሪክ ተጽፏል፣ የነሱ ግን ገና ነው።